መስቀለኛ ቃላትና የፍንጭ አተረጓጎም ለአማርኛ ቋንቋ ትምህርት ያላቸው ጠቀሜታ

መግቢያ

በጋዜጦችና በመጽሔቶች የመዝናኛ ገጽ የሚወጣው መስቀለኛ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው። በልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተራውን የሚጠባበቅ ባለጉዳይ ወይም በሻይ ቤት የተቀመጠ ጡረተኛ ጋዜጣውን አጥፎ፣ እስክሪብቶውን ይዞ ሲያሰላስል ያየ ሰው ነገሩን ከጨዋታ አያሳልፈውም። ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ ተለምዶባቸው በነበሩ የአዲስ አበባ አካባቢዎች ደግሞ በኪራይ ወረቀት ላይ መጻፍ ስለማይፈቀድ፣ አንባቢው መልሱን በቁራጭ ወረቀት ወይም በቃሉ ይይዝ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ሰው የሚያከናውነው ተግባር ሲመረመር ከቋንቋ ትምህርት ዓላማ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ይገኛል። በመጀመሪያ አጭር ፍንጭ ያነባል፤ የተጠየቀው ምን እንደሆነ ይለያል፤ ከሚያውቃቸው ቃላት መካከል ተስማሚውን ይመርጣል፤ በመጨረሻም ምርጫውን ከሌሎች ቃላት ጋር አገናኝቶ ያረጋግጣል። በ2002 ዓ.ም. በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተካሄደው የንባብ ምዘና፣ በርካታ ሕፃናት ለክፍላቸው ደረጃ የሚመጥን ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደተሳናቸው አሳይቷል። ፊደል ለይቶ ድምፅ ማሰማት አንድ ነገር ነው፤ የተነበበውን መረዳት ሌላ ነው። መስቀለኛ ቃላት ይህን ችግር ብቻውን ባያስወግድም፣ ፊደል ጠንቅቀው ለለዩ ተማሪዎች በማስተዋል የማንበብን ልማድ ሊያዳብር ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መስቀለኛ ቃላት እንዴት እንደሚፈታና ፍንጮቹ እንዴት እንደሚተረጐሙ ማስረዳት፣ ከዚያም በክፍል ውስጥ የሚገለገሉበትን መንገድ ማመልከት ነው።

1. የጨዋታው አመጣጥና የአገራችን ልማድ

የዛሬው መስቀለኛ ቃላት መነሻ የሆነው ሰንጠረዥ፣ አርተር ዊን በተባለ የእንግሊዝ አገር ተወላጅ ተዘጋጅቶ ታኅሣሥ 12 ቀን 1906 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913) ኒው ዮርክ ዎርልድ በተባለው ጋዜጣ ታተመ። የለንደኑ ታይምስም በ1922 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1930) በየዕለቱ ማውጣት ጀመረ።

ቃልን ሸሽጎ የመጠየቅ ጥበብ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ልጆች «እንቆቅልህ» ሲባሉ «ምን አውቅልህ» ብለው ይቀበላሉ፤ መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ከተሰጠ በኋላ ጠያቂው ራሱ መልሱን ይናገራል። በቅኔ ቤትም ተማሪው ሰሙን ከወርቁ፣ ኅብሩን ከአንድምታው መለየት ይማራል።

በእንቆቅልሽና በመስቀለኛ ቃላት መካከል ግን ለመምህራን ትልቅ ትርጉም ያለው ልዩነት አለ። በእንቆቅልሽ ዳኛው ጠያቂው ነው፤ ልክ ነው ካለ ልክ ነው፤ አይደለም ካለም አይደለም። በመስቀለኛ ቃላት ግን ዳኛው ሁለት ቃላት የሚገናኙበት ሳጥን ነው። የመለሰው ሰው ስሕተቱን ራሱ ያገኛል፤ ራሱም ያርማል። የመምህሩን «ትክክል» ወይም «ስሕተት» ብቻ መጠበቅ ለለመደ ተማሪ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

2. ሰንጠረዡና ፊደላችን

የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ሆሄያት ብቻ ያሉት ሲሆን፣ በአማርኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲዘረዘሩ፣ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር፣ 231 ይሆናሉ። በእንግሊዝኛው ሰንጠረዥ አንድ ሳጥን አንድ ተነባቢ ወይም አንድ አናባቢ ሲይዝ፣ በአማርኛው አንድ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም በአንድነት ይይዛል። በመሆኑም ሁለት ቃላት የሚገናኙት ተነባቢያቸውም አናባቢያቸውም ሲስማማ ብቻ ነው። ይህ አዘጋጁን ያስቸግረዋል፤ ፈቺውን ግን ይረዳዋል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ መገናኛ ብዙ ነገር ይገልጥለታል። የውጭውን ሰንጠረዥ እንዳለ ገልብጦ አማርኛ መሙላት የማይሳካውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሚታወቀው ወደማይታወቀው መሄድ የቆየ የማስተማር መመሪያ ነው። ስለሆነም በልደታ ለሚያስተምር መምህር የሚከተለው አነስተኛ ሰንጠረዥ ጥሩ መነሻ ሊሆን ይችላል። ቃላቱ በአግድምም በቁልቁልም አንድ ናቸው።

ል | ደ | ታ
ደ | መ | ና
ታ | ና | ሽ

ፍንጮቹም እነዚህ ናቸው፦

1ኛ፦ ግንቦት 1 ቀን የሚከበር በዓል፤ በአዲስ አበባ የአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ።
2ኛ፦ ሰማዩን የሚሸፍን፣ ዝናብ የሚያዘንብ።
3ኛ፦ የታላቅ ተቃራኒ።

አንድ ተማሪ ለሦስተኛው ፍንጭ «ትንሽ» የሚል መልስ ጻፈ እንበል። ቃሉ ሦስት ፊደል ስለሆነ በሳጥኖቹ ይገባል፤ ፍቺውም የተቃረበ ይመስላል። ወደ መጀመሪያው ቁልቁል ሲመለከት ደግሞ «ልደት» የሚል እውነተኛ ቃል ያገኛል። እዚህ ላይ የቸኮለ ተማሪ ይረካል። ሁለተኛውን ቁልቁል ሲያነብ ግን «ደመን» የሚል ትርጉም የሌለው ነገር ይገጥመዋል። ወደ ፍንጮቹ ሲመለስም ግንቦት 1 ቀን የሚከበረው «ልደታ» እንጂ «ልደት» አለመሆኑን፣ «ትንሽ» የ«ትልቅ» እንጂ የ«ታላቅ» ተቃራኒ አለመሆኑን ይገነዘባል። «ታናሽ» ብሎ ሲያርም ሦስቱም ቃላት ይቃናሉ። በዚህ አንድ እርማት ተማሪው በሁለት ተቀራራቢ ጥንድ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ያለማንም ነጋሪ ተምሯል።

በተመሳሳይ ሁኔታ «ዳመና» ብሎ የጻፈ ተማሪ የመጀመሪያው ቁልቁል «ልዳታ» ስለሚሆንበት «ደመና» ብሎ ለመጻፍ ይገደዳል። ሁለቱም አጻጻፍ በአማርኛ የሚታወቅ ስለሆነ መምህሩ «ዳመና» ስሕተት ነው ማለት የለበትም፤ ለዚህ ሰንጠረዥ የሚስማማው «ደመና» መሆኑን ማስረዳት ይበቃል።

3. የፍንጭ ዓይነቶችና አተረጓጐማቸው

ፍንጭ ያለ ሰዋስዋዊ ስምምነት አይፈታም። ፍንጩ «ወደ ውስጥ ዘለቀ» ቢል መልሱ «ገባ» ነው፤ «ወደ ውስጥ ዘለቀች» ቢል «ገባች»፤ «ወደ ውስጥ መዝለቅ» ቢል «መግባት» ይሆናል። ጾታ፣ ቍጥርና ጊዜ በፍንጩና በመልሱ መካከል ሊጣጣሙ ይገባል። ፈቺው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «መልሱ ምንድን ነው?» ሳይሆን «የሚፈለገው ምን ዓይነት ቃል ነው?» የሚለውን ነው።

ፍንጮች በጠቅላላው በሚከተሉት ሊመደቡ ይችላሉ።

ሀ) ቀጥተኛ ፍቺ፣ ተመሳሳይ ወይም ተቃራኒ፤ ከላይ እንደታየው ማለት ነው።

ለ) ጠቅላላ ዕውቀት፤ የቦታ፣ የሰው፣ የበዓል ስም የሚጠይቅ ነው። ይህ ከኅብረተሰብና ከሳይንስ ትምህርት ጋር ለማያያዝ ያመቻል።

ሐ) ተገላቢጦሽ፤ «ከአንገት በላይ ያለ የሰውነት ክፍል (ሲገለበጥ)» ቢባል መልሱ «ራስ» ሆኖ በሳጥኖቹ የሚጻፈው «ስራ» ነው።

መ) ኅብር፤ በአንድ አጻጻፍ ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ነው። የአማርኛ ጽሕፈት የድምፅን መጥበቅና መላላት ስለማያመለክት ለዚህ እጅግ ይመቻል። «ልብስ ያዘጋጃል፤ ጠባብም አይደለም» ቢባል መልሱ «ሰፊ» ነው፤ ሲላላ ልብስ የሚሰፋውን፣ ሲጠብቅ የጠባብን ተቃራኒ ያመለክታል። «የታኅሣሥ በዓል፤ ጊዜው ያልደረሰ» ቢባል «ገና» ይሆናል። «በውኃ ውስጥ የሚደረግ ስፖርት፤ የሁሉ አውራ» ቢባል ደግሞ «ዋና» ነው።

በእንግሊዝ አገር የዳበረው ረቂቅ ፍንጭ ከዚህ አራተኛው ዓይነት ጋር ይቀራረባል። በዚያ ልማድ የፍንጩ አንደኛው ጫፍ ፍቺውን ሲይዝ፣ የቀረው ክፍል ቃሉ የሚገጣጠምበትን መንገድ ይሰውራል። ከቅኔ የሚለየው ግን በዚህ ነው፦ በቅኔ ወርቁ ከተገኘ በኋላም ሰሙ ዋጋውን አያጣም፤ በፍንጭ ግን መልሱ ሲገኝ ላይኛው ትርጉም ሥራውን ጨርሷል።

4. ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነጥቦች

አንደኛ፣ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ከላይ የተጠቀሰው «ስራ» በሌላ ቃል በኩል «ሥ» ሆኖ ቢመጣ መገናኛው ይፋለሳል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በአንድ ሳጥን ሲገናኙ እንደ አንድ ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ የሚለውን መምህሩ አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ዓላማው የቃላት ዕውቀት ከሆነ እንደ አንድ ቢቆጠሩ ይመረጣል፤ ዓላማው የፊደል አጠባበቅ ከሆነ ደግሞ በትክክል እንዲለዩ ሊጠየቅ ይችላል። ደንቡ ሳይነገረው በአንድ ፊደል ምክንያት ነጥብ የሚቀነስበት ተማሪ ከጨዋታው የሚማረው ተስፋ መቍረጥን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ዲቃላ ፊደላት አንድ አንድ ሳጥን ይይዛሉ። «ቋንቋ» ሦስት ሳጥን እንጂ አምስት አይደለም።

ሦስተኛ፣ አዘጋጁ ሰንጠረዡን ለመሙላት ሲል ከአገልግሎት የራቁ ቃላትን መሰብሰብ የለበትም። ለመገጣጠም ሲያስቸግር የጠቆረ ሳጥን መጨመር ይሻላል።

5. በክፍል ውስጥ አጠቃቀም

ለዚህ መልመጃ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ባለካሬ የሒሳብ ደብተር ይበቃሉ። ተማሪዎች በበዙበት ክፍል ከአራት እስከ አምስት ሆነው በቡድን ቢሠሩ ሁሉም ለመናገር ዕድል ያገኛሉ። መምህሩ ቡድኑን መጠየቅ ያለበት መልሱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ጭምር ነው፦ «ትንሽ» ለምን ቀረ? «ታናሽ» ለምን ተመረጠ?

ከዚህ ከፍ ያለው ደረጃ ተማሪዎች ራሳቸው ፍንጭ እንዲጽፉ ማድረግ ነው። ከንባብ ክፍሉ አምስት ቃላት ተመርጠው ለእያንዳንዳቸው አንድ መስመር ፍንጭ ይጻፋል፤ ጽሑፉም ለሌላ ቡድን ይሰጣል። ሌላው ቡድን ሌላ ቃል ካገኘ ፍንጩ ልል ነበር ማለት ነው፤ ጸሐፊዎቹም ያጠብቁታል። ትክክለኛ ፍቺ መስጠት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

መደምደሚያ

የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች መስቀለኛ ቃላትን በየምዕራፉ መጨረሻ በማስጌጫነት ከማስገባት ይልቅ፣ በምዕራፉ ቃላት ላይ የተመሠረተ መልመጃ አድርገው፣ ከፊደል ደንቡ ጋር በመምህሩ መምሪያ ቢያካትቱት ይጠቅማል። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ሠልጣኞች በሚመደቡበት አካባቢ ቃላት ሰንጠረዥ እንዲያዘጋጁ ሊያለማምዱ ይችላሉ፤ በልደታ የሚሠራው በጎንደር ወይም በደሴ እንዳለ መገልበጥ የለበትምና። መለኪያው በመጨረሻ አንድ ነው፦ ተማሪው የጻፈውን ቃል ማንም ሳያዘው መልሶ አንብቦ፣ ካልተስማማም ራሱ ሰርዞ ሌላ የሚፈልግ ከሆነ መልመጃው ዓላማውን መትቷል።