ካርቱም እና የአውሮፓ ድንበር፦ በውስጥ የፈረሰው አጥር በውጭ እንዴት ተተከለ?

በካርቱም ባሕሪ የሚገኘው ካፉሪ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት የባለጸጎችና የባለሥልጣናት ሰፈር ነበር። ከሥልጣን የተወገዱት የፕሬዝዳንት ኦማር አል-በሺር ቤተሰብ አባላትም በዚያ ይኖሩ ነበር። በካርቱም እንዲህ ባሉ ሰፈሮች፣ ከረጃጅም አጥሮች ጀርባ ምግብ ሲያበስሉ፣ ልብስ ሲያጥቡና የአሠሪዎቻቸውን ልጆች ሲያሳድጉ ከኖሩት መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሴቶች ይገኙበታል። ለአንዳንዶቹ ካርቱም የሥራ ከተማ ነበረች፤ ለሌሎቹ ደግሞ በሊቢያ በረሃና በሜዲትራኒያን ባሕር በኩል ወደ አውሮፓ ለሚደረገው ጉዞ ገንዘብ የሚጠራቀምባት መሸጋገሪያ።

ይህ ጉዞ የሚያልፍበትን መንገድ ከወሰኑት ውሳኔዎች አንዱ የተላለፈው ከካርቱም በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 አምስት አገሮች ሸንገን በምትባል የሉክሰምበርግ መንደር ተገናኝተው በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ደረጃ በደረጃ ለማንሳት ተስማሙ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከድንጋይ ከሰል እስከ ዩሮ

የአውሮፓ ውህደት የተጀመረው በሰዎች እንቅስቃሴ ሳይሆን በድንጋይ ከሰልና በብረት ነው። የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮቤር ሹማን በግንቦት 1950 ያቀረቡት ሐሳብ፣ ለጦር መሣሪያ ምርት መሠረት የሆኑት እነዚህ ሁለት ሀብቶች በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር እንዲሆኑ የሚጠይቅ ነበር። ዓላማው ፈረንሳይና ጀርመን ዳግመኛ እንዳይዋጉ ማድረግ ነው። በ1951 ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ቤልጂየም፣ ኔዘርላንድስና ሉክሰምበርግ ይህን ማኅበረሰብ መሠረቱ። ስድስቱ አገሮች በ1957 የሮምን ስምምነት ፈርመው የጋራ ገበያ ለማቋቋም ወሰኑ። በ1992 የተፈረመው የማስትሪሽት ስምምነት ደግሞ ማኅበረሰቡን ወደ ኅብረት አሸጋገረው፤ የዩሮ የገንዘብ ኖቶችና ሳንቲሞች በ2002 በሥራ ላይ ዋሉ።

ይህን ጉዞ ከብዙ የወዳጅነት መግለጫዎች የሚለየው አባል አገራት ከሥልጣናቸው ከፊሉን ለጋራ ተቋማት አሳልፈው መስጠታቸው ነው። ለምሳሌ በ1964፣ አንድ ጣሊያናዊ የኤሌክትሪክ ክፍያ አልከፍልም በማለቱ ከተነሳ ክርክር በመነሳት፣ የጋራው ፍርድ ቤት የማኅበረሰቡ ሕግ ከአባል አገራት ሕግ የበላይ እንደሆነ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ አንድ ተራ ዜጋ በዚህ ሕግ የተሰጠውን መብት በገዛ አገሩ መንግሥት ላይ ጭምር ማስከበር ችሏል።

የውስጡ በር ሲከፈት

የሸንገን ስምምነት በ1995 በሰባት አገሮች ተግባራዊ መሆን ጀመረ። አንድ መንገደኛ ፓስፖርቱን ሳያሳይ ከሊዝበን እስከ በርሊን መጓዝ ቻለ። የውስጡ ፍተሻ ሲነሳ ግን አዲስ ጥያቄ ተከተለ። በአንዱ አገር የገባ ሰው በሁሉም አገሮች እንደገባ የሚቆጠር ከሆነ፣ የአንዱ የውጭ ድንበር የሁሉም ድንበር ሆነ ማለት ነው።

መልሱ በተለያዩ ደረጃዎች መጣ። በ1990 የተፈረመው የደብሊን ስምምነት የጥገኝነት ጥያቄን የሚመለከተው አገር የትኛው እንደሆነ የሚወሰንበትን ደንብ አወጣ፤ በተግባርም ጫናው እንደ ጣሊያንና ግሪክ ባሉ የመግቢያ አገሮች ላይ አረፈ። በ2004 የጋራውን የውጭ ድንበር ጥበቃ የሚያስተባብረው ፍሮንቴክስ ተቋቋመ። ቀጣዩ እርምጃ ጥበቃውን ከባሕሩ ማዶ፣ ስደተኞች ከሚነሱባቸውና ከሚያልፉባቸው አገሮች ጋር በመተባበር ማካሄድ ነበር።

ካርቱም ስሟን ለዚህ ትብብር ሰጠች። በጥቅምት 2014 በከተማዋ ስለ ሕገወጥ የሰዎች ዝውውር ጉባኤ ከተካሄደ በኋላ፣ በኅዳር ወር በሮም የአውሮፓ ኅብረት አባል አገራት እንዲሁም ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሱዳንን ጨምሮ የአፍሪካ አገራት "የካርቱም ሂደት" የተባለውን መድረክ ይፋ አደረጉ። በወቅቱ ሱዳንን የሚመሩት አል-በሺር በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ይፈለጉ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በቫሌታ በተደረገው ጉባኤ ለአፍሪካ የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ ተመሠረተ። ዓላማውም የስደትን መንስኤዎች መቅረፍና የፍልሰት አስተዳደርን ማሻሻል ነው ተባለ። ስለ ሰው አሸጋጋሪዎች መረጃ የሚለዋወጡበት ቀጣናዊ ማዕከልም በካርቱም ተቋቁሞ ነበር፤ በ2019 በአገሪቱ በተፈጠረው ሁኔታ ሥራው ተቋረጠ።

በዚያው ጊዜ ሱዳን ከሊቢያ ጋር በሚያዋስናት በረሃ ስደተኞችን እየያዘ የሚመልሰው የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ነበር። አዛዡ ጄነራል መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ (ሄሜቲ) ኃይላቸው አውሮፓን ወክሎ እየሠራ እንደሆነ በአደባባይ ተናግረዋል። የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ ኃይል በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ገንዘብ እንዳልሰጠ በመግለጽ አስተባብሏል። የመብት ተሟጋቾች በበኩላቸው ትብብሩ ለታጣቂዎቹ ተቀባይነት እንዳስገኘላቸው ይከራከራሉ።

ሁለተኛው የካርቱም ሰነድ

ካርቱም ከዚህ በተቃራኒ መንገድ ለሚጓዝ ሰነድም መነሻ ናት። በየካቲት 2020 የኢጋድ አባል አገራት ሚኒስትሮች በዚችው ከተማ ተሰብስበው በቀጣናው የሰዎችን ነጻ እንቅስቃሴ የሚፈቅድ ፕሮቶኮል አጸደቁ። ሰነዱ ከመግቢያ መብት ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ሥራና ወደ መኖሪያ መብት የሚያመራ ነው። በሥራ ላይ ቢውል ኖሮ በካፉሪ በቤት ሠራተኛነት የምትኖር ኢትዮጵያዊት ከደላላ ይልቅ በሕጋዊ ፈቃድ የምትተማመንበት ዕድል ይኖራት ነበር።

በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ግን ፕሮቶኮሉ ገና በሥራ ላይ አልዋለም ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ፤ ከእነርሱም መካከል ለዓመታት በካርቱም የኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ግብፅ በሰኔ ወር ሴቶችና ሕጻናትን ጨምሮ ለሁሉም ሱዳናውያን ቪዛን አስገዳጅ አደረገች፤ ሁለቱ አገሮች ግን በ2004 የመንቀሳቀስና የመኖር ነጻነትን የሚሰጥ ስምምነት ፈርመው ነበር። በጥር 2024 ደግሞ ሱዳን የኢጋድ አባልነቷን ማቋረጧን አስታወቀች።

ከአንድ ዓመት በፊት በአውሮፓ የሆነው የተለየ ነበር። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በሁለተኛው ሳምንት፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ያወጣውንና እስከዚያ ድረስ ተጠቅሞበት የማያውቀውን ጊዜያዊ የከለላ መመሪያ ሥራ ላይ አዋለ። ሚሊዮኖች የመኖር፣ የመሥራትና የመማር መብት አገኙ። ፈቃደኝነቱ በፖለቲካ የተወሰነ ነበር፤ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ለሚመጡ ስደተኞች ተመሳሳይ በር አልተከፈተም። ሆኖም ፈቃደኝነቱ በተገኘ ጊዜ አገሮችን የሚያስገድድ ሕግ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

ከአውሮፓ የሚወሰደው ትምህርት

የአውሮፓ ውህደት ራሱ የማይቀለበስ አይደለም። ብሪታንያ በጥር 2020 ከኅብረቱ ወጥታለች፤ ጀርመንም በመስከረም 2024 በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ፍተሻ ጀምራለች። ያም ሆኖ የሰባ ዓመታቱ ልምድ አንድ ነገር ያሳያል፦ ነጻ እንቅስቃሴ የመጣው የጋራ ባለሥልጣን፣ የጋራ ገበያና መንግሥታትን የሚዳኝ ፍርድ ቤት ከቆሙ በኋላ ነው።

የአፍሪካ ቀንድ ሰነዱን አስቀድሞ ጽፏል፤ የሚያስፈጽሙት ተቋማት ግን ይቀሩታል። ካፉሪ ጦርነቱ ከጀመረ በኋላ ሠራዊቱ በ2025 መጀመሪያ መልሶ እስኪይዘው ድረስ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል ቁጥጥር ሥር ቆይቷል። በሰፈሩ የነበሩት ቤተሰቦችና ሠራተኞቻቸው በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ሰላም ወርዶ ካርቱም መልሳ ስትገነባ ሥራ ፍለጋ በመተማ በኩል ዳግመኛ የሚሻገሩ ይኖራሉ። ፕሮቶኮሉ የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው፦ አንዲት ሠራተኛ በድንበር ላይ ስትከለከል ወይም ደመወዟን ስትነፈግ፣ አቤት የምትልበትና ውሳኔው በሁለቱም መንግሥታት የሚከበር ቦታ ይኖራት እንደሆነ።