በቧንቧ ውስጥ የሚወርደው ውኃና የኤሌክትሪክ ኀይል

በጎንደር ከተማ ለጥምቀት በዓል የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ነው። ውኃውን የሚነዳው የመሬቱ ቁልቁለት ነው። በደጋው አገር ወንዝ ዳር የሚቆመው የውኃ ወፍጮም እህሉን የሚፈጨው በዚሁ ኀይል ነው። በሌሎች አገሮች ደግሞ ይህ የቆየ ብልኀት ወደ ከተማ ቧንቧ ገብቶ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀምሯል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ከኮረብታ ላይ ካለ ማጠራቀሚያ ወደ ታችኛው ሰፈር የሚወርድ ውኃ ግፊቱ እየበረታ ስለሚሄድ ቧንቧ እንዳይፈነዳ ግፊት መቀነሻ ቫልቭ ይገባለታል። በዚያ ስፍራ ኀይሉ በከንቱ ይጠፋል። በቫልቩ ፈንታ ተርባይን ቢተከል ግን ውኃው ሳይጎድልና ሳይበከል መዘውሩን አዙሮ ወደ ደንበኛው ያልፋል።

መጠኑን በቍጥር ለመገመት፥ በሴኮንድ 100 ሊትር ውኃ 50 ሜትር ቢወርድ 49 ኪሎዋት ያህል ኀይል አለው። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 70 ቢገኝ 34 ኪሎዋት ይሆናል፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው 15 ኪሎዋት ሞተር ያላቸውን ሁለት የእህል ወፍጮዎች ለማንቀሳቀስ ይበቃል።

በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 በዋናው የውኃ ቧንቧ ውስጥ 200 ኪሎዋት የሚያመነጩ አራት ተርባይኖች ሥራ ጀመሩ፤ ኤሌክትሪኩንም ለ20 ዓመት ለመሸጥ ውል ተደረገ። በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ በብሉምፎንቴይን ለውኃው መሥሪያ ቤት መብራት የሚሰጥ 96 ኪሎዋት ማመንጫ ተመረቀ። የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋዋት ሲሆን እነዚህ ከእርሱ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም፤ የአንድን መሥሪያ ቤት ወጪ ግን ያቃልላሉ።

ነገር ግን ነጋዴው ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። በፓምፕ ወደ ላይ የተገፋ ውኃ ሲወርድ የሚመልሰው ኀይል፥ ለመግፋት ከወጣው ምንጊዜም ያነሰ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈርም ቧንቧው ሲደርቅ ተርባይኑ ይቆማል፤ ግፊቱ በሳሳበት ቦታ ቢተከል ደግሞ ከፍ ባለ ስፍራ ያሉትን ደንበኞች ውኃ ያሳጣል። ለጎንደር ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብም ደለል እየሞላው መምጣቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጥቅሙ የሚገኘው ትርፍ ግፊት ባለበት መስመር ብቻ ሲሆን፥ ይህም በልክ ተረጋግጦ መታወቅ አለበት።

ለአስመጪዎች የሚጠቅመው ዕውቀት ተራ የውኃ ፓምፕ ውኃ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲገባበት እንደ ተርባይን መሥራቱ ነው። ዋጋው ይረክሳል፤ መለዋወጫውም አያስቸግርም። የውኃው መጠን ከፍ ዝቅ ሲል ግን ጥሩ አይሠራም። ስለሆነም ዕቃ ከማዘዝ በፊት የውኃውን መጠንና ግፊት በቀንም በሌሊትም፥ በበጋም በክረምትም አስለክቶ መያዝ ይገባል። ከልኩ በፊት የሚገዛ ማሽን የመጋዘን ዕቃ ሆኖ ይቀራል፤ ገንዘቡንም ያስራል።