ኮምፒዩተራችሁ እንግዳ ይቀበላል ወይ?



በዝቋላ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት፣ የቆየ የሒሳብ ፕሮግራም አለ እንበል። የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ብቻ ነው። አሮጌው ኮምፒዩተር ተበላሸ፤ አዲሱም ፕሮግራሙን እምቢ አለ። የስንት ዓመት መዝገብ ሊቀር ነው?

መላ አለው። በአዲሱ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ያለ አስመስሎ አሮጌውን ፕሮግራም እዚያ ማሳደር ይቻላል። ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። ዳሩ ግን ከ6.1 እትሙ ወዲህ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒዩተሩ አንጎል፣ ካላገዘው አይሠራም። ይህን እገዛ ኢንቴል በ2005፣ ኤ.ኤም.ዲ. በ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራውም ሁሉ አለው ማለት አይደለም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በዊንዶውስ 10 ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎ ሲፒዩ የሚለውን ክፈቱ። ከታች ቨርቹዋላይዜሽን ከሚለው አጠገብ ኢነብልድ ካለ በርቷል ማለት ነው። ዲስኤብልድ ካለስ? አትደንግጡ! ብዙ ጊዜ ችሎታው አለ፣ ተዘግቶ ነው።

ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት ተጭናችሁ (ቁልፉ እንደየሥሪቱ ይለያል) ባዮስ ውስጥ ግቡ። ኢንቴል ከሆነ ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ፣ ኤ.ኤም.ዲ. ከሆነ ኤስ.ቪ.ኤም. የሚለውን አብሩ። አስቀምጡና ጨርሶ አጥፍታችሁ እንደገና አስነሡ። ለዚህች ብሎ ኮምፒዩተር ተሸክሞ ሰቆጣ መውረድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳዝነኛል።

ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ ገንዘቡን ሳትቆጥሩ ይህንኑ እዩ። ኤክስፒ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጥገና ስለቀረበት፣ እንግዳውን ከኢንተርኔት ጋር አታገናኙት።