በጋሞ ምድር መንገድ ስለ መቀየስና ስለ ሕዝብ ቃል

አዲስ መንገድ ሊወጣ ነው ሲባል ደስ የማይለው ሰው የለም፤ መንገዱ በእገሌ ደጅ ያልፋል በተባለ ጊዜ ግን ደስታው በአንዱ ቤት ይጨምራል፤ በሌላው ቤት ወደ ኀዘን ይለወጣል። ስለዚህ ከመጥረጉ አስቀድሞ የሚመጣው መንገዱን የመምረጥ ሥራ ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው አይደለም። ይህም ነገር ቈላውና ደጋው ጎን ለጎን በቆሙበት በጋሞ ምድር ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይከብዳል።

የአርባ ምንጭ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከእርሷ በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ጨንቻ ግን ከ2,600 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ላይ ተቀምጣለች። በኹለቱ መካከል ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲኾን፣ ተጓዡ በዚህች አጭር ርቀት ከሙዝ አገር ተነሥቶ ወደ እንሰትና ወደ ገብስ፣ ወደ ቀርከሃና ወደ አፕል አገር ይወጣል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ በወረደ ጊዜ መሥሪያ ቤቱም ንግዱም አብሮ ወረደ፤ ደገኛው ግን በተራራው ላይ ቀረ። መንገድ ወደ ደጋው ይቀጠልልን የሚለው ልመና ስለዚህ የቅንጦት ልመና አይደለም።

ጥያቄው በየት በኩል ይለፍ የሚለው ነው። በቈላው ቢቀየስ በመስኖ የለማውን የሙዝ እርሻ ይቈርጣል። በተራራው ወገብ ቢሄድ የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታ እጅግ ጠባብ ነውና ጥቂት ሜትር ስፋት የብዙ አፍ እንጀራ ይወስዳል፤ እንሰትም እንደ ገብስ በዓመቱ የሚተካ ተክል አይደለም፤ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ወደ ምሥራቅ ቢዞር ደግሞ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ያለው የእግዜር ድልድይ፣ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ፣ ለከተማይቱም ስሟንና የሚጠጣ ውኃዋን የሰጣት የምንጮቹ ደን ይጠብቀዋል።

በዚህ ላይ አንድ ስውር ፈተና አለ። በ2016 ዓ.ም. በተደረገው የሕግ ማሻሻያ የካሳው ክፍያ በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮች ላይ እንዲወድቅ ኾኗል። ከፋዩ በጀቱ ጠባብ የኾነ እንደ ኾነ ካሳ የማይበዛበትን መስመር ቢመርጥ አያስደንቅም። ደን ግን ካሳ አይጠይቅም፤ በወል ግጦሽና በጥንት መካነ መቃብርም ላይ እንደ ግል እርሻ አጥብቆ የሚከራከር ባለቤት ብዙ ጊዜ አይገኝም። በሒሳብ መዝገብ ርካሽ ኾኖ የታየው መንገድ በዚህ ምክንያት እጅግ ውድ ሊኾን ይችላል።

ዳገቱም ራሱ ቃል አለው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤቱ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከብርቱ ዝናብ በኋላ መሬት ተንዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ አስቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ። ያ መዓት በመንገድ ሥራ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን የዚያ አገር ተራራ እግሩ ሲቈረጥ ምን ሊኾን እንደሚችል ማሰብ ግድ ነው። በበጋ የመጣ ቀያሽ በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ብቻ የሚፈልቀውን ምንጭ አያይም። ከመንገዱ ቦይ የሚወርደው ውኃ በማን እርሻ ላይ ገደል እንደሚቈፍርም በቶሎ አይገነዘብም። በዚያ ዳገት ሠላሳ ክረምት ያረሰ ገበሬ ግን ይህን ያውቃል።

ሕጉ በዚህ ነገር ዝም አላለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ሕዝቡ ማኅበረ ሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ አሳቡን እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቍጥር 299 ደግሞ ጥናቱ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዝዛል። ካስማው ከተተከለ በኋላ ሕዝብን ሰብስቦ ማስታወቅ ማስታወቅ ነው እንጂ መጠየቅ አይባልም።

ለጋሞ ሰው መመካከር ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ዱቡሻ በተባለው የጉባኤ ሜዳ ተቀምጦ በተራ መናገርና ነገሩ እስኪስማማ መታገሥ የቈየ ሥርዓቱ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ቍጣ የገፋው ወጣት የሌላውን ንብረት ሊያጠፋ በተነሣ ጊዜ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ፤ እርሱም ተመለሰ። ይህን ያህል የሚከበር ቃል ያላቸው አባቶች ባሉበት አገር መንገድ ያለ ምክራቸው መቀየስ ትልቅ ሀብትን መጣል ነው።

ኾኖም ዱቡሻው ብቻውን ይበቃል ማለት አይቻልም። በልማድ የወንዶች ሸንጎ ኾኖ ኖሯል፤ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎችም ከዳር ሲደረጉ ኖረዋል። እንሰቱን የምትፍቀው፣ ውኃውን የምትቀዳው፣ ሸክሙንም ወደ ገበያ የምታወርደው ሴት ያልተናገረችበት ምክር ግማሽ ምክር ነው። እነዚህ ኹሉ ለብቻቸው ተጠርተው ቃላቸው ሊጻፍ ይገባል። የአጥቢያው ካህንም የመቃብሩን ወሰንና የቤተ ክርስቲያኑን ደን ያውቃልና ቀያሹ አስቀድሞ ቢጠይቀው ከብዙ ክርክር ይድናል፤ ከቅዳሴ በኋላ በሚሰበሰበው ሕዝብ ፊትም የስብሰባውን ቀን ሊያስታውቅ ይችላል።

ለሹማምንቱ የሚቀረው ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የታሰቡት መስመሮች በሜዳው ላይ በእግር ይታዩ፤ የእያንዳንዱም ካሳ፣ ርዝመትና አደጋ በግልጥ ይነገር። የተመረጠው ስለ ምን እንደ ተመረጠ፣ የተተወውም ስለ ምን እንደ ተተወ በአማርኛና በጋሞኛ ተጽፎ፣ ካስማ ከመተከሉ በፊት በዚያው በዱቡሻው ይነበብ፤ መሬቱን የሚለቀውም ሰው የጽሑፉን ግልባጭ በእጁ ይያዝ።