መቅኔው ያዘ፣ ሳንባው ታመመ

የመቅኔ ንቅለ ተከላ ሕፃን ልጅ ላይ የተሳካው በ1968 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ጉድና ባልደረቦቹ በሽታ የመከላከል አቅም ሳይኖረው ለተወለደ ሕፃን የእህቱን መቅኔ ሰጡት፤ ዳነ። ሰውነቱ ባዕዱን መቅኔ የሚቃወምበት ኃይል ስላልነበረው ጨረር አላስፈለገውም።

የሳንባው ጣጣ የሚመጣው ሕክምናው ለደም ካንሰር ሲሰጥ ነው። የታመመውን መቅኔ ጠርጎ ለማጥፋት ከኬሞቴራፒ ጋር የመላ ሰውነት ጨረር ተሰጠ፤ ሳንባ ደግሞ ጨረር አይችልም። አዲሱ መቅኔ ሥራ እስኪጀምር ባሉት ሳምንታትም ልጁ ለማንኛውም ተሕዋስ የተጋለጠ ነው።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዋናው ገዳይ ሳይቶሜጋሎቫይረስ ነበር፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ ከአሥር ታካሚዎች ስምንቱን ያህል ይወስድ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጋንሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ከኢሚዩኖግሎቡሊን ጋር መሰጠት ሲጀምር ሞቱ ቀነሰ። ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ የሚመስለኝ ደምን በየጊዜው እየመረመሩ፣ ልጁ ማሳል ሳይጀምር ማከም መለመዱ ነው። ኒሞሲስቲስ የተባለው ተሕዋስ የሚያመጣውን የሳንባ ምች የገታው ደግሞ ርካሽ ኪኒን ነው፦ ኮትሪሞክሳዞል። በ1977 ሜምፊስ በሚገኘው ሴንት ጁድ ሆስፒታል ካንሰር ባለባቸው ልጆች ላይ መከላከያነቱ ታየ፤ በኢትዮጵያም ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ለመከላከያ የሚወስዱት ይኸው ነው።

ተሕዋሱ ሲገታ ሌላው ችግር ጎልቶ ወጣ። ሳንባው በሁለቱም በኩል ይቆስላል፣ ልጁ ኦክስጅን ያንሰዋል፣ ላቦራቶሪው ግን ምንም አያገኝም። በ1993 ሐኪሞች ይህን «ኢዲዮፓቲክ ኒሞኒያ ሲንድረም» ብለው መለያ መስፈርት አወጡለት። መንስኤው የመከላከያ ሥርዓቱ ቁጣ ነው ተብሎ ስቴሮይድ፣ በኋላም ኤታነርሴፕት የተባለ መድኃኒት ይሰጥ ጀመር። በ2015 ግን የሲያትል ተመራማሪዎች በዚህ ምድብ ከነበሩ ታካሚዎች ተወስዶ የተቀመጠ የሳንባ እጥበት ፈሳሽ በአዲስ ዘዴ መርምረው ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥ ተሕዋስ አገኙ። መገኘቱ ብቻ ጥፋተኛ አያደርገውም፤ ቢሆንም ያልታየ ተሕዋስ እያለ መከላከያን ማፈን ቀላል ነገር አይደለም።

በ2024 የወጣ ጥናት በ32 ሆስፒታሎች የታከሙ፣ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው የ229 ልጆችን የሳንባ ፈሳሽ በዘረመል ንባብ መረመረ። የተለመደውን ምርመራ ያመለጡትን ተሕዋስያን ከማግኘቱም በላይ፣ በሳንባቸው በተፈጥሮ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የተመናመኑባቸው ልጆች ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳየ። እነዚሁ ልጆች አንቲባዮቲክ በብዛት የወሰዱ ነበሩ። ሐኪሙ ያለ አንቲባዮቲክ እንዲያክም ነገሩ አይፈቅድለትም፣ ሲያበዛም ይጎዳል።

ከወራት እስከ ዓመታት በኋላ የሚመጣው ብሮንኪዮላይትስ ኦብሊተራንስ ሌላ ነው። የለጋሹ ሕዋሳት ጥቃቅኖቹን የአየር ቧንቧዎች ያጠቃሉ፤ ቧንቧዎቹም በጠባሳ ይደፈናሉ። የተደፈነው አይመለስም፤ ስለዚህ ቶሎ ማወቅ ግድ ነው። ለመከላከያ የተሞከረው አንቲባዮቲክ አዚትሮማይሲን በ2017 ጥናት የካንሰሩን ማገርሸት ጨምሮ ተገኘ፤ ሙከራውም ተቋረጠ። የበሽታው መለያ መስፈርት የሚለካው በስፓይሮሜትሪ ሲሆን በኃይል መንፋትን ይጠይቃል፤ የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ በትእዛዝ አይነፋም። ለትንንሾቹ እንደ ልማዳቸው እየተነፈሱ ጋዝ ከሳንባ የሚወጣበትን ፍጥነት የሚለካ ዘዴ አለ፤ እሱም ቢሆን ከንቅለ ተከላው በፊት መነሻ ልኬት ካልተያዘ ብዙ አይናገርም።