ለምርምር ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው የት ይደር?

ዕውቀትን ፍለጋ ከቤት መውጣት ለኢትዮጵያ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። ቅኔ ለመቍጠር ወደ ጎጃም፣ ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፣ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር የሚጓዘው የቆሎ ተማሪ፣ ከደረሰበት ደብር አጠገብ ከባልንጀሮቹ ጋር ጎጆ ቀልሶ ይኖራል፤ የዕለት ጕርሱንም በእመቤታችን ስም ለምኖ ከምእመናን ደጅ ያገኛል። አባትና እናትም የልጃቸው ናፍቆት ቢጸናባቸውም፣ ስለ ማደሪያው ብዙ አይጨነቁም፤ መምህር ባለበት ጎጆ፣ ቤተ ክርስቲያን ባለበትም ለእንግዳ የሚራራ ምእመን እንዳለ ያውቃሉና።

ዛሬ ግን የዕውቀት መንገድ ረዝሟል። በነቀምቴ ከተማ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ፣ ከጉቶ ጊዳ ገጠር፣ ከጊምቢና ከሻምቡ የተነሡ ወጣቶች በዚያው ለመማርና ለማስተማር በቅተዋል። ከእነርሱ መካከል የአገራቸውን ታሪክ የሚመረምሩት፣ የሚሹት ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ ከነቀምቴም ከአዲስ አበባም እንደማይገኝ ይረዳሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት እስከ እናርያ ዘልቆ የነበረው አንቷን ዳባዲ የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የሆኑ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የሚገኙት በፓሪስ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ስለ ቤላ ሻንጉልና ስለ ወለጋ የጻፈው የታሪክ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው በናፖሊ ነው። እንግዲህ የወለጋ ልጅ የወለጋን ታሪክ ለመመርመር ባሕር መሻገር ሊያስፈልገው ይችላል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ጕዞ ሲታሰብ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚነጋገረው ስለ አውሮፕላኑ ዋጋ ነው። ነገር ግን የአውሮፕላን ዋጋ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ሲሆን፣ የማደሪያ ኪራይ በየሌሊቱ የሚቈጠር ነው። ለምሳሌ አንድ ተመራማሪ ለ30 ቀን 1,500 ዩሮ ቢሰጠው ለቀኑ የሚደርሰው 50 ዩሮ ነው። ማደሪያው 40 ዩሮ ከወሰደበት ለምግብና ለመጓጓዣ የሚተርፈው 10 ዩሮ ብቻ ይሆናል። እንዲህ የሆነበት ሰው ወይ ይራባል፣ ወይ ይበደራል፣ ወይም የሄደበትን ሥራ ሳይፈጽም ይመለሳል።

የተመቸ ማደሪያ ለዕውቀት ምን ያህል እንደሚጠቅም የአባቶቻችን ታሪክ ይመሰክራል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ግዕዝን ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በግዕዝ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው መጽሐፍ ይህ ነው። ከዚያም በኋላ አባ ተስፋ ጽዮን በዚሁ ቤት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1649 አባ ጎርጎርዮስ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር የተዋወቁትም በሮም ነበር። እነዚህ አባቶች በእንግድነት አገር የሚያሳርፋቸው ጣራ ባያገኙ ኖሮ፣ ይህን ያህል ሥራ መሥራት ባልተቻላቸው ነበር።

ነገር ግን ማደሪያ ከመፈለግ አስቀድሞ «ጕዞው የግድ ያስፈልጋልን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በአሜሪካ በሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚባል ስፍራ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም አጠገብ የሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤት፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ የብዙ ሺህ ብራናዎች ቅጂ አለው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኀይሌ እ.ኤ.አ. በ2021 ከማረፋቸው በፊት ለብዙ ዘመን ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ የኖሩት በዚያ ነው። ከእነዚህ ብራናዎች ብዙዎቹን ዛሬ በኢንተርኔት ተመዝግቦ ያለ ክፍያ ማንበብ ይቻላል። የቫቲካንና የፓሪስ ቤተ መጻሕፍትም ብዙ ብራናዎቻቸውን በዚሁ መንገድ አቅርበዋል። ስለዚህ ነቀምቴ ሆኖ ሊነበብ የሚችለውን አስቀድሞ ያነበበ ሰው፣ የሁለት ወሩን ጕዞ ወደ ሦስት ሳምንት ሊያሳጥረው ይችላል። ከሁሉ የሚረክሰው ማደሪያ ያልተከራዩት ነውና።

ጕዞው የግድ ከሆነ፣ መጀመሪያ መጻፍ የሚገባው ለጋባዡ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለቤተ መጻሕፍቱ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለእንግዳ መምህራን የተለየ ማረፊያ አላቸው፤ ይህን ግን ያልጠየቀ ሰው ላይነገረው ይችላል። በፓሪስ ደቡባዊ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1925 የተከፈተው ዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲ መንደር ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችንና ተመራማሪዎችን ያሳድራል። በለንደንም ተማሪዎች ለበጋ ዕረፍት ሲወጡ ባዶ የሚቀሩት የዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች ለእንግዶች ይከራያሉ፤ ይህም ጊዜ ከእኛ ክረምት ጋር የሚገጥም ስለ ሆነ ለመምህራኖቻችን ይመቻል። ሆኖም ወደ ሮም የሚሄድ ሰው ይጠንቀቅ፤ የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ይዘጋል። አልጋ አግኝቶ መጽሐፍ ማጣት ከንቱ ድካም ነው።

ለኦርቶዶክሳዊ መንገደኛ ደግሞ ከአልጋው ይልቅ የሚያስፈልገው ማብሰያው ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለውንም የፍልሰታን ጾም በባዕድ አገር ለመጾም፣ ሽሮና ምስር የሚሠራበት ቦታ ያስፈልጋል። ቍርስ የሚያቀርብ ሆቴል ዋጋው መጠነኛ ቢመስልም፣ የሚያቀርበው ብዙውን ጊዜ እንቍላልና ወተት ስለ ሆነ ጿሚው ያልበላውን ይከፍላል። ማብሰያ ያለው የጋራ ቤት ግን ኪሱንም ጾሙንም ይጠብቅለታል። ስንቅ የምታዘጋጁ እናቶችም፣ በሶና ሽሮ አስይዙ እንጂ የወለጋን ቅቤ፣ ቋንጣ ወይም ቅቤ የገባበትን ጭኮ ከሻንጣው አታኑሩ፤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ለመንገደኛ የተከለከለ ነው።

ብዙዎች «በዚያ ዘመድ አለን፣ ከእርሱ ዘንድ ያርፋል» ይላሉ። እንግዳ መቀበል ከአብርሃም የወረስነው በጎ ሥራ ነው፤ በውጭ አገር ባሉ አጥቢያዎቻችንም ይህ ልማድ አልጠፋም። ነገር ግን በዚያ የሚኖረው ወገናችን ብዙ ጊዜ በጠባብ ክፍል ተከራይቶ ሌትና ቀን የሚሠራ ነው፤ የኪራይ ውሉም ለብዙ ቀን እንግዳ ማሳደርን ሊከለክለው ይችላል። ስለዚህ የሁለት ወይም የሦስት ሌሊት መስተንግዶ በምስጋና መቀበል፣ ከዚያ በላይ ቢሆን ግን የቀኑን ቍጥር አስቀድሞ መናገርና ከወጪው መካፈል ይገባል። ከቤቱ ይልቅ ምክሩ የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ፤ የትኛው ሰፈር ሰላም እንደ ሆነ፣ የትኛው ባቡር ሌሊት እንደሚሠራ ከነዋሪው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይልቁንም ሴት ልጃችሁ ብቻዋን የምትሄድ ከሆነ፣ ይህን ሳታውቁ የሩቅ ሰፈርን ርካሽ ቤት አትቀበሉ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የሸንገን ቪዛ የሚጠይቅ ሰው የሚያርፍበትን ስፍራ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት፤ ስለዚህ የማደሪያው ጕዳይ ካላለቀ፣ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ኤምባሲ ደጅ መቆም ለድካም ብቻ ይሆናል። በኢንተርኔት ያዩትን ቤት «አስቀድመህ ገንዘብ ላክ» ለሚል ለማይታወቅ አከራይ መክፈልም አይገባም። ከአገራችን ሆኖ የውጭ ምንዛሪ መላክ ቀላል ስላልሆነ፣ ሲደርሱ የሚከፈልበትን ወይም ጋባዡ ዩኒቨርሲቲ ዋስ የሚሆንበትን ቤት መምረጥ ይሻላል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ለምርምር ሲነሣ ዘመድ ጠርታችሁ፣ በግ አርዳችሁ፣ አዲስ ልብስ አልብሳችሁ መሸኘታችሁ መልካም ነው። ነገር ግን ለድግሱ ካሰባችሁት ከፍላችሁ የጥቂት ሌሊት ኪራይ ብታስይዙት፣ መጽሐፉን ሳይጨርስ አይመለስም። በግ ከማረዳችሁም በፊት «የምታድርበትን ቤት የሚገልጸውን ደብዳቤ አሳየን» በሉት። ደብዳቤው ካለ ድግሱን ደስ ብሏችሁ ደግሱ፤ ከሌለ ግን ድስት ተጥዶ እንዳይለቀስ፣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ አስቀድማችሁ መጥኑ።