በሦስት ደቂቃ ቼዝ ጎበዝ ይኮናል እንዴ?

እናንተዬ፣ እኔ ያላበድኩ ማን ይበድ! ክረምቱን ሙሉ ሮቤ ዝናቡ ሲወርድ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸጉጬ በሞባይል የሦስት ደቂቃ ቼዝ ስጫወት ከረምኩ። «አንዷን ብቻ ልድገም» ስል ይነጋል። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ጎባ ወጣሁና ጡረታ ከወጡ አንድ መምህር ጋር ተቀመጥኩ። ሰዓት የለም፤ የእንጨት ቼዝ ነው። ጋሼ አንዷን እርምጃ ሲያስቡ ማኪያቶዬ ይቀዘቅዛል፤ እኔ እጄን ይበላኛል። ሦስቴ በተከታታይ ተሸነፍኩ! በሦስተኛው ንግሥቴን በነፃ ነው ያስረከብኳቸው። «ልጄ፣ እጅህ ጭንቅላትህን ቀድሞታል» አሉኝ። አፈርኩ።

ፍጥነት ለእኛ አዲስ አይደለም። አባቶቻችን ሰንጠረዥን የሚጀምሩት በ«ወረራ» ነበር። ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ሲበላ ግን ወረራው ያበቃና ጨዋታው በየተራ ይሆናል። አያችሁ? ጥድፊያው ለሰልፍ ማሰለፊያ ብቻ ነው።

«ታዲያ ፊሸርስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ሄርሴግ ኖቪ ላይ በአምስት ደቂቃ ጨዋታ ከ22ቱ 19 ነጥብ ወስዶ ታላላቆቹን ጉድ ሠርቷቸዋል። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የቼዝ መጽሐፍ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው። ፍጥነቱ ያወቀውን አወጣለት። እኔ ምኑን ላውጣ? በጥድፊያ የደጋገምኩት ስህተቴን ነበር።

አሁን በቀን ሁለት ፈጣን ጨዋታ ብቻ። አከፋፈቴን እሞክርበታለሁ፣ ከዚያ የተሸነፍኩበትን ቦታ መልሼ አያለሁ (ይሄኛው ያማል!)። ባለፈው ቅዳሜ ከጋሼ ጋር አቻ ወጣን። ማኪያቶውን ግን እኔው ከፈልኩ።